የሞተ ንብ ቆጣሪ ነበርኩ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው ሲያበቁ፣ ከመካከላቸው አንዷ አዲሱን የአየር መለኪያ መሣሪያ አሳየችኝ። ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ራሱ አየሩን ይስባል፣ ራሱ ይለካል፣ ውጤቱንም ራሱ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። አደነቅኩ። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማዘር፣ ድሮ በንብ ነበር የሚለኩት የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነት ነው፣ በንብ፣ በጎመንና በአበባ ነበር አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው። ዕድሜዬን የሰጠሁትን ሥራ ሁለት ደቂቃ ወስጄ ማስረዳት ሲገባኝ አብሬ መሳቄ አንገበገበኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያች ልጅ ነው። ብታነብበው ደስ ይለኛል፤ ባታነብበውም ንዴቴ ይወጣልኛል።

ሥራ የገባሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። ላቦራቶሪው ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲሄዱ ገባ ብሎ፣ መንግሥት የወረሰው ቪላ ውስጥ ነበር። መኝታ ቤቶቹ ላቦራቶሪ፣ ሳሎኑ ቢሮ፣ የመኪና ማቆሚያው ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ሆነዋል። እኔ የተቀጠርኩት ብልቃጥ አጣቢ ሆኜ ነው። ስለ ደመወዙ ያኔም አላወራሁም፣ አሁንም አላወራም። ስለ አጣጠቡ ግን ላውራ፤ ሰው ይንቀዋልና። እርሳስ የሚባለው ብረት የሌለበት ቦታ የለም። አቧራው ውስጥ አለ፣ የግድግዳ ቀለም ውስጥ አለ፣ ጣታችን ላይ አለ። ቅንጣት እርሳስ የምትፈልግ ሴት በቆሸሸ ብልቃጥ ከፈለገች የምታገኘው የራሷን እድፍ ነው። ስለዚህ ብልቃጡ በሳሙና ይታጠባል፣ አሲድ ውስጥ ያድራል፣ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በአፉ ተደፍቶ ይደርቃል። በጨርቅ አይወለወልም። ሲወለውል ያገኘሁትን ሰው እጁን እመታው ነበር፤ አለቃም ቢሆን።

የሁላችንም አለቃ ዶክተር ሐጎስ ነበሩ። የመቀሌ ሰው ናቸው፤ ቡልጋሪያ ሄደው ስለ ዕፅዋት ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ፋብሪካዎች የሚተፉትን ጭስ እንዲለኩ ተሹመው መለኪያ ግን አልተሰጣቸውም። መሣሪያው ታዟል፣ መርከብ ላይ ነው፣ አሰብ ደርሷል፣ ጉምሩክ ይዞታል ሲባል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሰበሰቡንና፣ መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ደመወዝም ፈቃድም የማይጠይቁ ሠራተኞች እንቀጥራለን አሉን። ንቦችን ማለታቸው ነበር። መጀመሪያ ሰውየው የበዛ ብቸኝነት ጎድቷቸው ይሆናል ብለን ተንሾካሾክን።

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ንብ ከቀፎዋ ተነሥታ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ትቃኛለች። አበባ ላይ ታርፋለች፣ ከኩሬው ትጠጣለች፣ ሰውነቷም ጠጉራም ስለሆነ የአየሩ ብናኝ ይጣበቅባታል። ማታ የምትገባው የሰፈሩን አየር ተሸክማ ነው። ሞታ ስትወድቅ እንሰበስባታለን፣ እናደርቃታለን፣ በሸክላ ጽዋ አቃጥለን አመዷን በአሲድ እናሟሟለን። ከዚያ ዲታይዞን ከሚባል አረንጓዴ ፈሳሽ ጋር እንንጠዋለን። እርሳስ ከሌለ አረንጓዴነቱ ይቆያል፤ ካለ ይቀላል፤ በበዛ ቁጥርም ቅላቱ ይብሳል። ጎመኑን ደግሞ በቆርቆሮ ተክለን በየሰፈሩ እናስቀምጣለን፤ ሰፊ ቅጠሉ ላይ ያረፈውን ብናኝ አጥበን እንለካለን። ግላዲዮለስ የምትባለዋ አበባ ከሁሉም ትቀብጣለች። የሸክላ ጡብ ማቃጠያ ጭስ ከነካት የቅጠሏ ጫፍ እሳት እንዳየ ወረቀት ይኮማተራል።

ችግሩ ከመካከላችን ቀፎ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር። ዶክተር ሐጎስ ስለ ንብ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው፤ ንብ ደግሞ መጽሐፍ አታነብም። የሚያውቀውን ሰው ያገኘነው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን የተሰደደ የንብ መንጋ መጥቶ አጥራችን ላይ ሰፈረ። ሁላችንም በር ዘግተን ስንንጫጫ፣ የጎረቤት ቪላ ዘበኛ የነበሩት ጋሽ ሸምሱ በእርጋታ መጡና መንጋውን በባዶ እጃቸው እያፈሱ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። አንድም ንብ አልነደፋቸውም። ዶክተር ሐጎስ በመስኮት እያዩ ነበር። በሳምንቱ ጋሽ ሸምሱ የላቦራቶሪው ሠራተኛ ሆኑ።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ያደጉ። እኔን ሰው ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። ቀፎ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ይታጠቡና ከቀፎው አጠገብ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ንብ የሰው ችኮላ ይሸታታል ይሉ ነበር። ከቀፎው አፍ በታች ነጭ አቡጀዲ ዘርግተው ጫፎቹን ከቀፎው ማስቀመጫ እግሮች ጋር ያስራሉ፤ የሞቱት ንቦች እዚያ ላይ ይወድቃሉ። ጠዋት ጠዋት፣ ጉንዳን ሳይቀድመን፣ በዶሮ ላባ እየጠረግን አሥር አሥር እያደረግን እንቆጥራለን። በጣት መንካት ክልክል ነው። ለጉንዳኑ መድኃኒታቸው በማስቀመጫው እግሮች ዙሪያ የሚነሰነስ አመድ ነበር።

ከሁሉም ልማዳቸው ያስገረመኝ ግን የማታው ጥያቄ ነው። ከሥራ ልንወጣ ስንል፣ «ዛሬ እጅሽ ምን ምን ነካ?» ይሉኛል። ሽንኩርት፣ የታክሲ በር፣ የኮፒ ቀለም እያልኩ እዘረዝራለሁ። ላምባ ካልኩ ራሳቸውን ይነቀንቁና ነገ አንቺ ቀፎ አትከፍቺም ይላሉ። ንቦቹን እንዳላስቆጣ ነበር የሚጠይቁኝ፤ ዶክተር ሐጎስ ግን ሲሰሙ ሌላ ነገር ታያቸው። በመዝገባችን ላይ አንድ አምድ አስጨመሩ፤ ርእሱም «እጅ» ነበር። ናሙና የሚነካ ሰው ሁሉ በዕለቱ ቀፎውንና ዕቃውን በምን እንደነካ እዚያ ይጽፋል። ሌሎቹ ሲስቁበት እኔ አምዱን በሚገባ እሞላ ነበር። ማለቴ፣ እስከዚያች ሳምንት ድረስ።

መጀመሪያ ግን ስለ ድሌ ልናገር፤ ውድቀቴ የመጣው ከድሌ በኋላ ነውና። ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ አትክልትና አበባ የሚያለማ የገበሬዎች ማኅበር ነበር። አበቦቻቸው ጫፍ ጫፋቸው እየደረቀ ሲያስቸግር፣ እርስ በርስ መድኃኒት ረጨብኝ እየተባባሉ ሊካሰሱ ደረሱ። ዶክተር ሐጎስ ጉዳዩን ለእኔ ሰጡኝ። የግላዲዮለስ ማሰሮዎች በማሳው ዙሪያ ደረደርኩ፤ በየቀኑ በእግሬ እየዞርኩ የተቃጠለውን የቅጠል ጫፍ በማስመሪያ ለካሁ። የተቃጠሉት ከጡብ ማቃጠያው በኩል ያሉት ብቻ ነበሩ። ማቃጠያው ነፋሱ ወደ ማሳው በማይነፍስበት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ ገበሬዎቹም ታረቁ። እኔም ከብልቃጥ አጣቢነት ወደ ቴክኒሺያንነት አደግኩ። ደረቴን ነፋሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጠገብኩ።

ቀጥሎ የላምበረት ነገር መጣ። እዚያ አሮጌ የመኪና ባትሪ አፍርሶ እርሳሱን የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር፤ ስሙ ይቅር። የቀበሌው ነዋሪ ጭሱ ልጆቻችንን ያስላቸዋል ብሎ አመለከተ። ቀፎ በሦስት ቦታ አስቀመጥን፦ አንዱን ላምበረት ቀበሌው ግቢ፣ አንዱን እኛው ግቢ፣ አንዱን ደግሞ ለማነጻጸሪያ አያት። ያኔ አያት የጤፍና የገብስ ማሳ ነበረች፤ ከበሬ በቀር የሚጮህ ነገር አልነበረባትም። ቀፎውን ላምበረት ስናስቀምጥ የማቅለጫው ኃላፊ አቶ ደምሴ መጥተው ነፋሱ ጠዋት ከየት፣ ከሰዓት ከየት እንደሚነፍስ አስረዱን። ትከሻቸው ሰፊ፣ ቅንድባቸው በእሳት የተለበለበ ሰው ነበሩ። ለጥቂት ወራት የላምበረቱ ብልቃጥ ከአያቱ ትንሽ ቀላ ይል ነበር እንጂ የሚያስደነግጥ ነገር አላየንም።

ያን ዓመት አረፋ የዋለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጋሽ ሸምሱ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው እንደ አገራቸው ሰው ሁሉ ለአረፋ አገር ቤት ሄዱ፤ ለአረፋ አገሩ ያልገባ ስልጤ ሰው አይባልም ይሉ ነበር። ቀፎዎቹ በእኔ እጅ ቀሩ። እሳቸው በሄዱ በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ወረደና የላምበረቱን አመድ ጠርጎ ወሰደው። አዲስ አመድ ነሰነስኩ፤ ያንንም ወሰደው። ሦስት ጠዋት በተከታታይ ስደርስ አቡጀዲው ባዶ ነው። ጉንዳኑ አንዲት ንብ ሳያስቀር ለቃቅሞ ሄዷል። የወሩ ናሙና ሊጠፋ ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ከቀበሌው ፊት ለፊት ሲቼንቶ የሚባሉት ትንንሽ የቤንዚን ታክሲዎች የሚጠገኑበት ጋራዥ ነበር። ገብቼ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ ለመንኩ፤ ሰጡኝ። የቀፎውን ማስቀመጫ አራት እግሮች ዘይት በዘይት አደረግኳቸውና አቡጀዲውን እዚያው እግሮቹ ላይ መልሼ አሰርኩ።

ጉንዳኑ ድርሽ አላለም። በብልሃቴ ኮራሁ። የ«እጅ» አምድ ላይ ስደርስ ግን ዘይቱን አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም። ይህችን ደግሞ እጽፋለሁ እንዴ ብዬ ነው። ማታ የሚጠይቀኝ ሰውም አልነበረም።

የዚያን ወር ናሙና ሳወጣ ብልቃጡ እንደ ካርካዴ ቀላ። ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም። አንድ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሪፖርቱን ጽፌ ለዶክተር ሐጎስ ወሰድኩ። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ ከባለፈው ወር የተለወጠ ነገር አለ ወይ? ምንም የለም አልኳቸው። ፈረሙበትና ተላከ።

ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አቶ ደምሴ ታሰሩ። ጭሱን ሆን ብሎ ለቅቆ ሠራተኛውንና ነዋሪውን የመረዘ፣ ምርት የሚያሰናክል አሻጥረኛ ተባሉ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል ያ ዘመን የደረሰበት ሁሉ ያውቃል። ወሬውን የሰማሁት ከባለቤታቸው ነው። ለእሳቸው የወሰደችው የምሳ ዕቃ በእጇ እንዳለ፣ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ምግቡን የሚቀበላት አጥታ ከእስር ቤቱ መመለሷ ነበር። ድምፅዋ አልጮኸም።

«እሱ የጭስ ማውጫው ይርዘም ብሎ ሦስት ጊዜ ያመለከተ ሰው ነው» አለችኝ። «ልጣላ አልመጣሁም። ወረቀቱን የጻፈውን ሰው ዓይኑን ልየው ብዬ ነው።»

ዓይኖቿ እኔው ላይ ነበሩ። እኔ ነኝ አላልኳትም። አላውቅም ብዬ ገባሁ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍርበት ያች ቃል ናት።

በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ከአገር ቤት ተመለሱና አብረን ላምበረት ሄድን። ቀፎውን ሳይከፍቱ ጎንበስ ብለው የማስቀመጫውን እግሮች አዩ። አቡጀዲውን ፈትተው ጫፉን አሸተቱት። ከእግሮቹ የተነሣው ጥቁረት በታሰሩት ጫፎች እየተሳበ፣ ንቦቹ እስከሚወድቁበት እስከ ጨርቁ መሐል ደርሶ ነበር። እኔ በየቀኑ ሳየው ዝናብ ያመጣው ጭቃ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«እኔ ከሄድኩ ወዲህ እጅሽ ምን ነካ?» አሉኝ።

«ዘይት» አልኩ። «የታክሲ የተቃጠለ ዘይት።»

ጨርቁን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ወዲያው ገባኝ። ያኔ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር፤ የቤንዚን መኪና የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ያንን እርሳስ አጠራቅሞ የያዘ ነው። ይህን ዶክተር ሐጎስ ራሳቸው አስተምረውኝ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። በሰው ብልቃጥ ላይ ቅንጣት አቧራ ስፈልግ የኖርኩ ሴት በገዛ እጄ ናሙናዬን እርሳስ ቀባሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩት ሰው ነበር፤ መልቀም መቻሌን አላወቅኩም። እዚያው ቀፎው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለዶክተር ሐጎስ ሄጄ ነገርኳቸው። ከዚያ በሩን ዘጉና ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሪፖርቱ ስህተት ነው ብለው እሳቸው ቢጽፉ፣ የመቀሌ ሰው በመሆናቸው ብቻ ሌላ ነገር ይፈለግበታል፤ ለታሰረውም ለእሳቸውም አይበጅም። እኔ እናገራለሁ አልኳቸው። ባዶ ቃልሽን ማንም አይሰማም አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ስበው ይነድፉ ጀመር። ሁለት ቀፎ አያት ይሄዳል፤ አየሩ ንጹሕ ከሆነበት፣ ከፋብሪካው ርቆ። የአንዱ እግሮች ከዚያው ጋራዥ በመጣ ዘይት ይቀባሉ፣ የሌላው በአመድ ይከበባሉ። የአያት አየር እርሳስ ከሌለው፣ በዘይቱ ቀፎ የሚመጣው ቅላት የዘይቱ ነው ማለት ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ንቦቹ ሲገቡ፣ ጋሽ ሸምሱ የቀፎዎቹን አፍ በሣር ወተፉና በጭነት መኪና አያት ወሰድናቸው። አሥር ቀን ጠበቅን። በየጠዋቱ ከቦሌ እስከ አያት ግማሹን በአውቶቡስ፣ ግማሹን በእግሬ እሄድ ነበር። መች የሚባለው ቢጫ የመስከረም አበባ ማሳውን ሁሉ አልብሶት፣ ንቡ ግጥም ብሎ ይሠራል፤ እኔ የሞተውን እቆጥራለሁ፣ አንድ ሰው ደግሞ እስር ቤት ቀኑን ይቆጥራል። ጋሽ ሸምሱ ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቶሎ ቶሎ ስቆጥር አይተው፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ አሁን ብትሳሳቺ ሁለተኛ አታገኚውም» አሉኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብልቃጡን ራሴ አጠብኩ፤ ለማንም አላስነካሁም። የአመዱ ቀፎ ፈሳሽ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። የዘይቱ ቀላ። ዶክተር ሐጎስ ሁለቱን ብልቃጥ መስኮት ላይ አቁመው አዩና፣ ከተቃጠሉት ንቦች አመድ የተረፈ አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኩ። እንግዲያው እነሱም ይዩት፣ ይዘሽ ሂጂ አሉኝ።

ጉዳዩን የያዙት ሰዎች በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው ነበር። ሰብሳቢው ካኪ የለበሰ፣ የመጻፊያ እርሳስ በጆሮው የሰካ ሰው ነው። ገባሁ፤ ጋሽ ሸምሱ የብልቃጡን ሣጥን ይዘው ከኋላዬ ናቸው። ስሜ አስካለ ነው፣ የላምበረቱን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስህተት ነው አልኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ዝናቡን፣ ጉንዳኑን፣ ዘይቱን፣ ያልሞላሁትን አምድ። አለቃዬ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የለም ማለቴንም አልደበቅኩም። ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ የሁለቱን ቀፎ የተረፈ አመድ በአሲድ ሟሙቶ የያዙ ሁለት ብልቃጦች ደርድሬ አረንጓዴውን ፈሳሽ ጨመርኩና ፊታቸው ናጥኩት። አንዱ እንዳለ ቀረ። ሌላው እያዩት ቀላ። ጎረምሳው ጸሐፊ ብድግ ብሎ ቀረብ አለ።

ሰብሳቢው ግን እንደተቀመጠ ነው። «ስለዚህ አሻጥረኛዋ አንቺ ነሽ ማለት ነው፣ ጓድ?»

ይህን እንደሚለኝ መንገድ ላይ ሳስብ ነበር የመጣሁት። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኩት። «አሻጥር ግን አይደለም። አሻጥር ቢሆን ኖሮ በእጄ ይዤው አልመጣም። ሰውየው ምንም አላደረገም። እኔ ልጠየቅ።»

ውጪ ጠብቂ አሉኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ሸምሱ አጠገቤ ሆነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ ላይ ነበሩ። እኔ ማርያምን ተማጠንኩ። ማታ ላይ ወደ ቤትሽ ሂጂ ተባልኩ። የመጨረሻ ይሆን ብዬ እናቴን አቅፌያት ነበር የተኛሁት።

አቶ ደምሴ በሳምንቱ ተፈቱ። እኔ ደግሞ በአስተዳደር ቅጣት ወደ ብልቃጥ አጣቢነቴ ተመለስኩ፤ ለአንድ ዓመት። ሰዎች አዘኑልኝ። እኔ ግን ያን ዓመት እንደ ውርደት አልቆጥረውም፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ ብልቃጥ ያ መሥሪያ ቤት አይቶ አያውቅም። ይህንን ስናገር እኮራለሁ፤ የሚያፍር ይፈር። ለዓመታት የተጠበቀው መሣሪያም መጨረሻ ላይ መጣ፤ ግማሹን ጊዜ መለዋወጫ ታጥቶለት ጨርቅ ለብሶ ሲቀመጥ፣ ንቦቹ ግን አንድ ቀን አላረፉም።

ዓመቱ አልቆ ወደ ቴክኒሺያንነቴ በተመለስኩ ጊዜ አቶ ደምሴ ላቦራቶሪው መጡ። ማቅለጫውን እንደሳቸው የሚያውቅ ስላልተገኘ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። በመስኮት ሳያቸው መደበቅ አማረኝ። ወጥቼ ግን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ባለቤታቸው መጥታ አላውቅም ማለቴንም ነገርኳቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ። ያን ዕለት ከፍተኛው ዘንድ የተናገርሽውን ሰምቻለሁ አሉኝ። የመጡበት ጉዳይ ሌላ ነው። ሠራተኞቻቸውን ሆድ ቁርጠት ያሠቃያቸዋል፣ የአንዳንዶቹም እጅ እየዛለ መዶሻ አልይዝ ብሏል። ፋብሪካው ወተት ይሰጣቸዋል፤ ወተት ደግሞ እርሳስ አያወጣም። አቤት ሲሉ ማስረጃ አምጣ ይባላሉ።

«ቀፎውን እኛው ግቢ ውስጥ አስቀምጡልን» አሉ። «ቆጣሪዋ ደግሞ አንቺ ሁኚ።»

ሌላ ሰው ይሁን አልኳቸው፤ እምቢ አሉ።

ከጋሽ ሸምሱ ጋር ቀፎውን ማቅለጫው አጠገብ አስቀመጥነው፤ ከጎኑም ጎመን በቆርቆሮ። ሦስት ወር ለካን። ሦስቱንም ወር ብልቃጡ ቀላ፤ የጎመኑም እንዲሁ። አሁን እውነት ነበር። ሪፖርቱ ላይ የእኔ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ በፋብሪካው በኩል ያየው ሰው ፊርማ መኖር ነበረበት። ወረቀቱን ይዤ አቶ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ያ በእሳቸው ላይ የተጻፈው ወረቀት በውሸት አሳስሯቸዋል፤ ይኼኛው ደግሞ የእሳቸው ማቅለጫ ሰው እየመረዘ ነው የሚል ነው። ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙ፣ እርስዎ ይቆዩ፣ ደግሞ ቢወስዱዎትስ አልኳቸው።

እያንዳንዱን መስመር አነበቡ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ብዕር ጠየቁኝ።

«ውሸት ሆኖ ታስሬበታለሁ» አሉኝ። «እውነት ሲሆን ልፍራው?»

በሦስቱም ቅጂ ላይ ፈረሙ። አልታሰሩም። በተከታዩ ዓመት የጭስ ማውጫው ረዘመ፣ ማቅለጫው ላይም ጭስ መሳቢያ ተገጠመ፣ ሠራተኞቹም በየተራ ከእሳቱ እንዲርቁ ተደረገ። የላምበረቱ ቀፎ ብልቃጥ ከዚያ በኋላ ቅላቱ እየቀነሰ ሲሄድ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረታ ስወጣ ንብረት አስረክቢ ተባልኩ። ቁልፉን፣ ጋዋኑን፣ መዝገቦቹን ሁሉ ቆጥሬ አስረከብኩ። ከስሜ ሥር የአቶ ደምሴ ፊርማ ያለበትን የዚያን ሪፖርት ቅጂ ግን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወጥቻለሁ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ መስረቄን አውቃለሁ። ቢጠይቁኝም አልመልስም።